አንድ ማሳ፣ አምስት እጅ፦ የከረሙ የቡርጎኝ ቀይ ወይኖችን ሳወዳድር የተማርኩት

ዶክተሩ ጠርሙሶቹን ያመጡት ሐሙስ ከሰዓት ነበር። እራቱ ቅዳሜ ማታ ነው። «እስከዚያ ቀጥ አድርገህ አቁምልኝ። ማንም እንዳይነካቸው» አሉኝ። አምስት ጠርሙስ ቀይ ወይን። አምስቱም ከአንድ ማሳ፣ አምስቱም የ1999 ምርት። የሚለያቸው የጠማቂው ስም ብቻ ነው።

የምሠራው ቦን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ምግብ ቤት ነው። ቦን ቡርጎኝ የሚባለው የፈረንሳይ የወይን ክልል እምብርት ናት። ሥራዬ ወይን መምረጥ፣ መክፈትና መቅዳት ነው፤ እዚህ ሶምሊዬ ይሉታል። ከዚያ ምሽት በፊትም ብዙ የከረመ ወይን ከፍቻለሁ። እንደዚያ ጎን ለጎን ተደርድሮ ግን ቀምሼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ስለ ቡርጎኝ አውቃለሁ ከምለው ግማሹን የተማርኩት በዚያ አንድ ማታ ነው።

ይህን የምጽፈው ስለምጠየቅ ነው። ብራስልስ ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለ የድሮ ጓደኛዬ፣ ሌሎችም የጠርሙስ ፎቶ እያነሱ ይልኩልኛል። አንዱ በስጦታ አግኝቶ ነው፣ ሌላው ለሠርግ ሊገዛ አስቦ። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «ይሄ ማሳ ጥሩ ነው?» እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው። ማን ሠራው? የስንት ዓመት ምርት ነው? እስከ ዛሬ የት ነው የተቀመጠው? (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወደ ቡርጎኝ የመጣሁት ዲዦን ከተማ ለመማር ነው። በ2010 የመስቀል ሰሞን፣ ኪሴ ሲሳሳ ቮልኔ የሚባል መንደር ወይን ለቀማ ገባሁ። ዘጠኝ ቀን ጎንበስ ብዬ ዘለላ ስቆርጥ ወገቤ ተቆረጠ። ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌው አለቃችን በአንድ መንገድ ማዶና ማዶ የተለቀመውን ፍሬ በየራሱ ሣጥን ያስቀምጥ ነበር። መንገዱ ጋሪ የማያሳልፍ ጠባብ ነው። «ለምን አይቀላቀልም?» ስለው ጎንበስ ብሎ ከሁለቱም በኩል አፈር አነሳና መዳፌ ላይ አደረገልኝ። አንዱ ነጣ ያለ፣ ጠጠር የበዛበት። ሌላው ቡናማ፣ የሚጣበቅ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም።

ለማታውቁት ነገሩን ላስቀምጠው። ስለ ከረመ የቡርጎኝ ቀይ ወይን ሲወራ በአብዛኛው የሚወራው ኮት ዶር ስለሚባለው ተዳፋት ነው። ከዲዦን ደቡብ ተነስቶ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ጎኑ ግን ጠባብ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ በእግር ቶሎ ያልቃል። ሰሜኑ ኮት ደ ኒዊ፣ ደቡቡ ኮት ደ ቦን ይባላል። ቀዩ ወይን የሚሠራው ከአንድ ዘር ብቻ ነው፤ ፒኖ ኗር ይባላል። በ1395 የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ ደፋሩ ጋሜ የሚባለው ሌላ ዘር ከምድሩ እንዲነቀል አዋጅ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ዘሩ አንድ ነው። የሚለያየው አፈሩ፣ ተዳፋቱ፣ ዓመቱና ሰውየው ነው።

እያንዳንዷ ማሳ ስም አላት። ክሊማ ይሏታል። ዩኔስኮ በ2015 እነዚህን ክሊማዎች በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ማሳዎቹ ደረጃም አላቸው። ከታች የአካባቢው ስም ብቻ ያለበት ተራ ቡርጎኝ፣ ከዚያ የመንደር ወይን፣ ከዚያ ፕሬሚዬ ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩ የሚባሉት 33 ናቸው። ከጠቅላላው የቡርጎኝ ምርት 2 በመቶ እንኳ አይሞሉም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ዤቭሬ የሚባለው መንደር በ1847 ዝነኛ ማሳውን ሻምበርታንን ከስሙ ጋር ቀጠለው። ሌሎች መንደሮችም ተከተሉት። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ዤቭሬ ሻምበርታን» የሚል ካያችሁ የመንደር ወይን ነው። «ሻምበርታን» ብቻ ከሆነ ግን ግራን ክሩ ነው፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋሽንግተን ያለው ጓደኛዬ በዚህ ተምታቶበት በጣም ውድ ወይን የገዛ መስሎት ነበር። መጥፎ ወይን አልገዛም። የከፈለው ግን ለስሙ ነው።

የማሳ ስም ብቻውን ስንት እንደሚነግር ለማየት ክሎ ደ ቩዦን ውሰዱ። ክሎ ማለት በግንብ የታጠረ ማሳ ነው። ይህኛውን ያቀኑት የሲቶ ገዳም መነኮሳት ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። 50 ሄክታር አካባቢ ነው፣ ሁሉም ግራን ክሩ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወርሶ ተሸጠ። ከዚያ ርስት ለልጆች እኩል ሲከፋፈል፣ ሲሸጥ፣ እንደገና ሲከፋፈል ዛሬ 80 የሚያህሉ ባለቤቶች አሉት። ከላይ በአሮጌው ሕንጻ በኩል ያለው መሬት ውሃ አይዝም። ከታች ከመኪናው መንገድ አጠገብ ያለው ረግረግ ያለ ጭቃማ ነው። የሁለቱም ወይን ግን አንድ ስም ይለጠፍበታል። ከሁለቱም ጠጥቻለሁ። አንዱ አንደበት ያስይዛል። ሌላውን ስሙን ባላውቅ የመንደር ወይን ነው እል ነበር።

እንግዲህ የዶክተሩ አምስት ጠርሙሶች ለምን እንደገረሙኝ አሁን ይገባችኋል። ማሳው ክሎ ሳን ዣክ ይባላል። ዤቭሬ ሻምበርታን ከመንደሩ በላይ፣ ቀዝቃዛ አየር ከሚያወርድ ሸለቆ አፍ ላይ ነው። ስፋቱ 6.7 ሄክታር ገደማ። በወረቀት ፕሬሚዬ ክሩ ነው። ሰዉ ግን ከግራን ክሩ እኩል ያየዋል። ከባለቤቶቹ አንዱ የሆነው የሩሶ ቤት ይህን ወይን ከአንዳንድ የራሱ ግራን ክሩዎች በላይ ነው የሚሸጠው። ማሳው ድሮ የአንድ መኳንንት ቤተሰብ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሸጠ። ዛሬ አምስት ባለቤት አለው፤ አርማን ሩሶ፣ ኤስሞናን፣ ፉርዬ፣ ብሩኖ ክሌርና ልዊ ዣዶ።

ዋናው ነገር አከፋፈሉ ነው። አምስቱም የያዙት ከአናት እስከ ግርጌ የሚወርድ ቀጭን ድርሻ ነው። እንደ ነጠላ ጥለት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። ላይኛው ነጭ የኖራ አፈር ለሁሉም ይደርሳል፣ ታችኛው ቡናማ አፈርም እንዲሁ። ማንም «የኔ የተሻለው ጫፍ ነው» ማለት አይችልም። ስለዚህ አፈሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ዓመቱ አንድ። ልዩነት ካለ ከጠማቂው እጅ ነው የመጣው። ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ማሳ አላውቅም።

ቅዳሜ ማታ ባልደረባዬ ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቀለለቻቸው። እኔም እንዳላውቅ ቁጥሩን ጽፋ ቦታቸውን ቀያየረቻቸው። ቡሾቹ እንዳይሰበሩ በዝግታ ከፈትኩ። ስምንት እንግዶች ነበሩ። ዶክተሩ አንድ ሙሉ ረድፍ ብርጭቆ ለእኔም አስደረደሩ።

አንደኛው ደብዛው የጠፋ መስሎኝ ነበር። ቀለሙ ገርጥቶ ዳሩ ላይ የሸክላ መልክ ይዟል። አፍንጫዬን ሳስጠጋ ግን የደረቀ ጽጌረዳ፣ ከኋላው እንጆሪ። አፍ ውስጥ እንደ ሐር ነው። ሁለተኛው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ቅመም፣ ቼሪ፣ ዝናብ የመታው ጫካ። ከዋጥኩት በኋላ ጣዕሙ አልሄድ አለኝ። ልቆጥር ሞክሬ ተውኩት። ሦስተኛው ጠቆር፣ ጠንከር ያለ ነው። ጥቁር ፍሬና ቆዳ ይሸታል። አራተኛው መጀመሪያ ላይ ዝም ብሏል። ምንም አይልም። «ይሄ አልፎበታል» ብዬ በልቤ ፈረድኩበት። አምስተኛው ደግሞ ገና ልጅ ነው። ድድ ይይዛል። የ1999 መሆኑን ባላውቅ የ2005 ነው ብዬ እወራረድ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አራተኛው ተነሳ። ሌላ ቃል የለኝም። ሻይ ቅጠል፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ እንጉዳይ አንድ ላይ መጡ። አንደኛው በዚያ ሰዓት መድከም ጀምሮ ነበር። ለወጣቱም ለሽማግሌውም እኩል ጊዜ ሰጥቼ መፍረድ እንደማልችል ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ የከረመ ወይን ላይ በመጀመሪያው ጉንጭ አልፈርድም።

ጋዜጣው ሲነሳ አንደኛው ፉርዬ፣ ሁለተኛው ሩሶ፣ ሦስተኛው ኤስሞናን፣ አራተኛው ብሩኖ ክሌር፣ አምስተኛው ዣዶ ሆነ። እኔ የገመትኩት ሁለቱን ብቻ ነው። ሩሶን ያወቅሁት በመዓዛው ነው። ቤቱ ለዚህ ማሳ አዲስ የኦክ በርሜል በብዛት ይጠቀማል። በወጣትነቱ እንጨቱ ጎልቶ ይሰማል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ቀልጦ ቅመም ይሆናል። ፉርዬ አዲስ በርሜል የሚጠቀመው በጥቂቱ ነው፤ ፍሬው ፊት ለፊት ይቆማል። የዣዶን ወይን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠምቅ የነበረው ዣክ ላርዲዬር ነው። እስከ 2012 ድረስ እዚያ ነበር። ፍሬውን ከነቆዳው ረጅም ጊዜ መዘፍዘፍ ይወዳል። ስለዚህ አጥንቱ የጠነከረ ወይን ይወጣል። የዣዶን ጠርሙስ ከሌሎቹ እኩል ሰዓት ከፍቼ ማቅረቤ ስህተት ነበር።

በነጋታው ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እናቴ ለበዓል ጠጅ ትጥላለች። ሰፈር ውስጥ ስሟ የተነሳ ነው። በአድናቆት ተውጬ አንድ መሬት አምስት ዓይነት ወይን እንዳወጣ ስተርክላት ዝም ብላ ሰማችኝ። «ታዲያ ምኑ ይደንቃል ልጄ? በአንድ ማር፣ በአንድ ጌሾ ሦስት ሴት ጠጅ ብትጥል አንድ ይወጣል እንዴ? እጅ ነዋ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ «እጇ ይጣፍጣል» የምንለውን ነው ፈረንሳዮቹ በብዙ መጽሐፍ የሚያብራሩት። ማሩ መጥፎ ከሆነ እጅ አያድነውም። ጥሩ ማር ግን መጥፎ እጅ ላይ ይባክናል።

ስለ እጅ ካነሳሁ አንድ ትልቅ የክርክር ርዕስ አለ። ፍሬው ከዘለላው እንጨት ተፈልፍሎ ይጠመቅ ወይስ ከነዘለላው? በ2006 ያረፈው የቮን ሮማኔ መንደሩ ጠማቂ አንሪ ዣዬ ሁሉንም ይፈለፍል ነበር። ሮማኔ ኮንቲና ዱዣክ የሚባሉት ቤቶች ግን ከነዘለላው መጥመቅ ይወዳሉ። ሁለቱም መንገድ ዓለም የሚያከብረው ወይን ሰጥቷል። በወጣትነቱ ከነዘለላው የተጠመቀ ወይን ሳርና ጎምዛዛ እንጨት ሊሸት ይችላል። ሲከርም ግን ቅርንፉድ፣ ሻይ ቅጠልና ደረቅ አበባ ይሆናል። ቅርንፉድ ከሸተታችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። እኔ ሲከርም ያለውን እወደዋለሁ። ባልደረባዬ ደግሞ አጥብቃ ትቃወመኛለች።

«እኛ አምስት ክሎ ሳን ዣክ ከየት እናመጣለን?» ትሉ ይሆናል። እኔም ከራሴ ኪስ አላመጣም። የዛሬው የሩሶ ዋጋ እጅ ይሰብራል። እኛ የምናደርገው እንደ ዕቁብ ነው። ስድስት ሰው ሆነን በየወሩ 40 40 ዩሮ እናዋጣለን። በዚያ ሦስት ጠርሙስ እንገዛለን። ዕጣ የሚወጣለት ጠርሙሱን ይመርጣል። ሕጋችን አንድ ነው፤ በአንድ ማታ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ማሳው ከተለወጠ ጠማቂውና ዓመቱ አይለወጡም። ጠማቂው ከተለወጠ ማሳውና ዓመቱ ባሉበት ይቆያሉ። ሁሉንም የቀላቀልንበት ማታ ጥሩ ጠጥተን ምንም ሳንማር ተለያይተናል።

ማሳ ለማወዳደር የሚቀለው መንገድ ከባለማሳዎች እየገዙም በስማቸው የሚያወጡትን የነጋዴ ቤቶች ወይን መያዝ ነው። በ1731 የተቋቋመው ቡሻር፣ ዣዶ፣ ድሩኤን የመሳሰሉት በአንድ ዓመት ከብዙ መንደር ወይን ያወጣሉ። እጁ አንድ ስለሆነ የምትቀምሱት ልዩነት ከመሬቱ የመጣ ነው። ጠርሙሱን ማግኘትም አያስቸግርም።

ለጀማሪ የምመክረው ውድድር ቮልኔና ፖማር ነው። ሁለቱ መንደሮች ጎረቤት ናቸው። ግራን ክሩ የላቸውም፤ ስለዚህ ዋጋቸው ከሰሜኑ ይሻላል። ሁለቱም የሚታወቁት በቀይ ብቻ ነው። ቮልኔ አፈሩ ቀለል ያለ፣ ኖራ የበዛበት ነው፤ ወይኑም ሽታው ቀድሞ የሚመጣ፣ ለስላሳ ይሆናል። ፖማር ላይ ሸክላና ብረት አለ። ሩዥያን የምትባለው ማሳ ስሟን ያገኘችው ከቀዩ አፈሯ ነው። ወይኑ ወፍራም ነው፣ አፍ ይይዛል፣ ጊዜ ይፈልጋል። አሥር ዓመት የሞላው ቮልኔ ብዙ ጊዜ ዝግጁ ነው። አሥር ዓመት የሞላው ፖማር ግን ገና ሊያኮርፍ ይችላል። ከቮልኔ የማርኪ ዳንዤርቪል ክሎ ዴ ዱክ፣ ከፖማር የኮንት አርማን ክሎ ዴዜፕኖ የተባሉትን ዕድል ካገኛችሁ ቅመሱ። ሁለቱም የአንድ ባለቤት ብቻ የሆኑ ማሳዎች ናቸው። ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሁለት ኪሎ ሜትር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታያላችሁ።

የዳንዤርቪል ቤት ሌላም ውለታ ውሏል። በ1930ዎቹ ነጋዴዎች የሌላ ክልል ወይን እየቀላቀሉ በቡርጎኝ ስም ይሸጡ ነበር። ይህን ተቃውመው ወይናቸውን ራሳቸው በጠርሙስ መሙላት ከጀመሩት አንዱ እሱ ነው። የዤቭሬው ሩሶና የኒዊው አንሪ ጉዥም አብረውት ነበሩ። ዛሬ ጠርሙስ ላይ «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» የሚለው ጽሑፍ ወይኑ ባለማሳው ቤት እንደተሞላ ይናገራል። በጣም አሮጌ ጠርሙስ ስትገዙ ይህን መስመር ፈልጉ።

ስለ ዓመቶቹ ባጭሩ። 1993 ሲወጣ ብዙም አልተወደሰም ነበር፤ ከርሞ ግን ሰውን አሳፍሯል። እኔ ከምወዳቸው አንዱ ነው። 1996 ኮምጣጣነቱ ከፍ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ዛሬ ድንቅ ነው፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ምላስ እንደቆነጠጠ ቀርቷል። 1999 ምርቱም ጥራቱም ሞልቶ የተገኘበት ብርቅ ዓመት ነው። 2002 ንጹሕና የተመጣጠነ ነው፤ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። 2003 አውሮፓን የቀቀለው የሙቀት ዓመት ነው። ለቀማው በኦገስት ተጀመረ፤ ብዙው ወይን የበሰለ ዘቢብ ይመስላል። 2004 ላይ የጥሬ ቃሪያና የቅጠል ሽታ ያለበት ጠርሙስ በብዛት አጋጥሞኛል፤ እጠነቀቀዋለሁ። 2005 ጠንካራ ነው፤ ትልልቆቹ ማሳዎች አሁንም ታግሠው ነው የሚጠጡት። 2010 ምርቱ ትንሽ ነበር። ወይኑ ግን ጥርት ያለ ነው። ያንን ለቀማ በራሴ እጅ ስለቆረጥኩ ትንሽ አዳላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ እወቁ። የቡርጎኝ ወይን በመሃል ዕድሜው አፉን ይዘጋል። በወጣትነቱ ፍሬው ያስቃል። ከዚያ ለጥቂት ዓመታት ሽታውም ጣዕሙም ይደበቃል። ከዚያ በሌላ መልክ ይመለሳል። በዝምታው ጊዜ የከፈታችሁት እንደሆነ ተበላሽቷል ብላችሁ አትድፉት። ብርጭቆ ውስጥ አቆዩት።

አሁን የራሴን ኪሳራ ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሱቅ የ1978 ጠርሙስ ገዛሁ። 180 ዩሮ ከፈልኩ። ያኔ ለእኔ የወር ቀለብ ነው። 1978 ትልቅ ዓመት መሆኑን አንብቤያለሁ፤ መለያ ወረቀቱም ንጹሕ ነው። ያ ብቻ በቃኝ። ጠርሙሱ ግን የቆመው የመስታወት መስኮት ላይ፣ መብራት ሥር ነበር። የወይኑ ልክ ከቡሹ በታች ሰባት ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ስከፍተው ቀለሙ ቡና ነው። ሽታው የተቃጠለ ስኳርና አቼቶ። ጓደኞቼን ጠርቼ ነበር። አንድም ሰው ሁለተኛ ጉንጭ አልወሰደም።

ከዚያ ወዲህ ከስሙ በፊት የማየው የወይኑን ልክ ነው። 30 ዓመት ለሞላው ቡርጎኝ ከቡሹ በታች ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ቢጎድል አያስደነግጥም። ከዚያ ካለፈ ግን አየር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የት እንደነበር እጠይቃለሁ። ቀዝቃዛ ምድር ቤት፣ 12 ወይም 13 ዲግሪ፣ ጨለማ፣ ጠርሙሱ ተጋድሞ። ሻጩ መልስ ከሌለው አልገዛም። ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ እባካችሁ ማቀዝቀዣ አናት ላይ ወይም ኩሽና ውስጥ አታስቀምጡት። ሙቀቱ ያለ ጊዜው ያስረጀዋል።

በጣም ውድና በጣም አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሐሰተኛ መሆኑን ጠርጥሩ። በ2008 ኒው ዮርክ ውስጥ ለጨረታ ከቀረቡት መካከል ከ1945 ጀምሮ የተሠሩ ናቸው የተባሉ የፖንሶ ቤት ክሎ ሳን ደኒ ጠርሙሶች ነበሩ። ሎራን ፖንሶ ራሱ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ከጨረታው አስወጣቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቤተሰቡ ያንን ወይን መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ጠርሙሶቹን ያቀረበው ሩዲ ኩርኒያዋን በ2014 የ10 ዓመት እስር ተፈረደበት። አንድ ጠማቂ አንድን ማሳ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘ ማወቅ ኪስ የሚያድነው ለዚህ ነው።

አከፋፈቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ወይን የሚበላሸው እዚህ ነው። ወይኑ ሲከርም ቀለሙና አፍ የሚይዘው ነገር ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል። አተላው ያ ነው። ጉዳት የለውም፤ ከተበጠበጠ ግን ወይኑን ያደፈርሰዋል፣ መራራ ያደርገዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን ሁለት ቀን ቀድማችሁ አቁሙት። ረጅም መንገድ ከተጓዘ ጥቂት ሳምንት ይረፍ። አሮጌ ቡሽ በተራ ጠመዝማዛ መክፈቻ ይፈረፈራል። ሁለት ስስ የብረት ምላስ ያለው መክፈቻ አለ፤ በቡሹና በጠርሙሱ መካከል እያወዛወዛችሁ ታስገቡትና እያዞራችሁ ትስባላችሁ። ርካሽ ነው፣ ግዙት። ስትቀዱ የስልካችሁን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ያዙ። ጥቁሩ ክር ወደ አንገቱ ሲቀርብ ቀጥ በሉ።

ወደ ሌላ ማንቆርቆሪያ ገልብጦ ለሰዓታት ማናፈስ ለወጣት ወይን ነው። የ30 ዓመት ፒኖ ኗር በዚያ ይሞታል። እኔ ቡሹን ነቅዬ ትንሽ እቀምስና በጠርሙሱ ውስጥ እተወዋለሁ። የቀረውን ብርጭቆው ይጨርሰዋል። ብርጭቆው ሰፊ ይሁን፣ እስከ ሲሶው ብቻ ቅዱ። ቅዝቃዜው 15 ወይም 16 ዲግሪ። ጎርፍ የነካው ካርቶን ከሸተታችሁ ግን መጠበቅ አያድነውም፤ ቡሹ ተበክሏል፣ ማሳውም ጠማቂውም ምንም ማድረግ አይችሉም።

ምግብ ላይ አንድ ምክር ብቻ። የከረመ ቡርጎኝን ከቀይ ወጥ ጋር አታጋጩት። በርበሬ ያንን ሁሉ ቀጭን ሽታ ይውጠዋል። ለፋሲካ ቤቴ ውስጥ ከበግ አልጫ ጋር፣ ቅመሙን ቀለል አድርጌ፣ የ2002 ቮልኔ አቅርቤ ነበር። ሳህኑም ጠርሙሱም ባዶ ሆነ።

የዶክተሩ እራት ሲያልቅ እንግዶቹ ሄዱ። ብርጭቆዎቹን አላጠብኳቸውም። እንዲያድሩ ተውኳቸው። እሑድ ጠዋት ከሌላው ሰው ቀድሜ ገብቼ አንድ በአንድ አሸተትኳቸው። ሦስቱ ሄደዋል። የአምስተኛው ገና ፍሬ ይሸታል። የሁለተኛው ታች የቀረችው ደረቅ ቀይ ቀለበት ግን ቅመሟን እንደያዘች ነበረች። ዶክተሩ ዘንድሮ ተራው የ2005 ነው ብለውኛል። ዣዶን ከሌሎቹ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ልከፍት ተስማምተናል። ምድር ቤት መደርደሪያውን ጠርጌ ጠብቄያለሁ፤ ሐሙስ ያመጧቸዋል።